ጥይቱ ሲለሰልስ ሽጉጡ ለምን ተቀረቀረ?

አንዲት እህት ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ ጽፋልኛለች። በዩኤስፒኤስኤ (የአሜሪካ የተግባር ተኩስ ማኅበር) ውድድሮች ላይ በ9 ሚሊ ሜትር ሲዜድ ሻዶ 2 ሽጉጥ ትተኩሳለች። የእጅ አንጓዋን ስለሚያማት የፋብሪካ ጥይት ትታ ራሷ መሙላት ጀመረች። 147 ግሬን (አረርና ባሩድ የሚመዘንበት ትንሽ የክብደት መለኪያ) የሚመዝን፣ ሽፋን የተቀባ የእርሳስ አረር ገዛች። ፈጣን ባሩድ መረጠች፣ መጠኑንም የአምራቹ ሰንጠረዥ ዝቅተኛ ብሎ ከጻፈው ላይ አደረገች። «ጋሼ፣ ርግጫው ጥፍት አለልኝ» ትላለች።

ከዚያ ችግሩ መጣ። በየ20 እና በየ30 ጥይቱ ባዶው ቀለሃ የስላይዱ (የሽጉጡ ላይኛ ተንሸራታች ክፍል) በር ላይ ይቀረቀራል። የሚወጡት ቀለሃዎችም በአንድ ጎናቸው ጠቁረዋል። ይባስ ብሎ በበጋ ስትለካው 127 የነበረው ፓወር ፋክተር (የጥይቱ ኃይል መለኪያ)፣ በመጸው ውድድር ጠዋት ላይ 121 ሆኖ ተገኘ። የዚያ ውድድር ነጥቧ በሙሉ ቀረ። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ ባሩድ ልጨምር ወይስ ስላይዱን የሚመልሰውን ሞላ (ስፕሪንግ) ልቀይር?

እህቴ፣ ሁለቱንም። ግን ባሩዱ ይቀድማል። ሞላውን ቀድመሽ ብትቀይሪ መቀርቀሩ ሊተውሽ ይችላል፤ 121ዱ ግን እዚያው ይቆያል።

ከቁጥሩ ልጀምር። ፓወር ፋክተር ማለት የአረሩ ክብደት በግሬን፣ በፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል የሚወጣው ነው። አንቺ በምትወዳደሪበት፣ ማይነር በሚባለው የኃይል ደረጃ ዝቅተኛው 125 ነው። 124.9 አይበቃም፤ ወደ ላይ የሚያጠጋጋልሽ የለም። ከዚያ በታች የወጣ ሰው መተኮስ ይችላል፣ ነጥብ ግን አይያዝለትም። ነገሩ ከስፖርቱ መነሻ የመጣ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የሽጉጥ ተኩስ አስተማሪው ጄፍ ኩፐርና ጓደኞቹ ኮሎምቢያ፣ ሚዙሪ ላይ ተሰብስበው የስፖርቱን ዓለም አቀፍ ድርጅት አይፒኤስሲን ሲመሠርቱ፣ ትክክለኛነት፣ ኃይልና ፍጥነት እኩል እንዲመዘኑ ፈለጉ። ኃይል ካልተለካ ሁሉም ሰው ጥይቱን እያለሰለሰ ይሄዳል። መለኪያው ለዚህ አለ፣ እኔም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስሌቱን እንየው። 147 ግሬን በ864 ጫማ 127 ይሰጣል። 121 ለመውረድ ፍጥነቱ ወደ 823 መውደቅ አለበት። 41 ጫማ ጠፋ ማለት ነው። ያ ሁሉ በአንድ ምክንያት የጠፋ አይመስለኝም።

መጀመሪያ አረሩን መዝኚው። ካርቶኑ 147 ይላል፤ ሽፋን የተቀባ የእርሳስ አረር ግን ከተጻፈው አንድ ግሬን ወይም ከዚያ በላይ ሊቀል ይችላል። ዳኞቹ የሚያምኑት ካርቶኑን አይደለም። 8 ጥይት ይወስዳሉ፣ የአንዱን አረር ነቅለው ይመዝናሉ፣ ሌሎቹን ይተኩሳሉ። አረርሽ 145.5 ቢሆን ቤት ያገኘሽው 127 ራሱ 125.7 ነበር ማለት ነው። ከመነሻውም ጠርዝ ላይ ነበርሽ። 10 አረር መዝኚና አማካዩን ያዢ።

ሁለተኛው ብርዱ ነው። ባሩድ ሲቀዘቅዝ ቀስ ብሎ ይነድዳል፤ አንዳንዱ ባሩድ በዚህ በጣም ይጎዳል። በሐምሌ ፀሐይ፣ መኪና ውስጥ ከዋለ ሣጥን አውጥተሽ ከለካሽ፣ የለካሽው የሞቀ ጥይት ነው። የኮሎራዶ የጥቅምት ጠዋት ሌላ ነገር ነው። ጥይትሽን የምትለኪው በጥላ ከዋለ ሣጥን፣ ቢቻል ውድድሩን በሚመስል ቀን ይሁን።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ቀለሃሽ በባሩድ አልሞላም፤ ውስጡ ባዶ ቦታ አለ። ሽጉጡ ማኅደሩ ውስጥ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ሲቆይ ባሩዱ ወደ አረሩ ይሄዳል። ፕራይመሩ (በቀለሃው ግርጌ ያለው ማቀጣጠያ) ሲነድ ባሩዱ ሩቅ ነው። አፈሙዙ ቀና ብሎ ከነበረ ግን ባሩዱ ፕራይመሩ ላይ ተኝቷል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ይህን ራስሽ ልትፈትኚው ትችያለሽ። የተኩስ ቦታው ሕግ በሚፈቅደው መጠን፣ ሁልጊዜም ወደ ዒላማው አቅጣጫ፣ 5 ጥይት አፈሙዙን መጀመሪያ ዘንበል አድርገሽ ቀስ ብለሽ በማንሳት ተኩሺ። ሌላ 5 ደግሞ መጀመሪያ ቀና አድርገሽ ቀስ ብለሽ በማውረድ። የሁለቱ አማካይ ልዩነት ባሩዱን ማቆየት ወይም መቀየር እንዳለብሽ ይነግርሻል።

በባሩድ ምርጫ ላይ የራሴን አቋም ልንገርሽ። ታይትግሩፕ የሚባለው ባሩድ ቀለሃው ውስጥ ቦታው ሲቀያየር ፍጥነቱ ብዙም አይለዋወጥም፣ ለዚያ ታስቦ የተሠራ ነው። ግን ቀለሃው ውስጥ የሚይዘው ቦታ በጣም ትንሽ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቢገባ እንኳ ሞልቶ አይፈስም፣ ዓይን ያልፈዋል። ሙቀቱም ከፍተኛ ስለሆነ ከተቀባ አረር ጋር ጭስ ያበዛል። እኔ ለእንዲህ ያለ ለስላሳ ጥይት የቪህታቩሪን ኤን 320 ወይም የአሊያንትን ስፖርት ፒስቶል እመርጣለሁ። ስፖርት ፒስቶል ለተቀባ አረር ታስቦ የወጣ ነው።

የባሩድ መጠን እዚህ አልጽፍም። ጥይት የሚሞላ ሰው መጠኑን ከባሩዱ አምራች ሰንጠረዥ እንጂ ከሰው አፍ እንዲወስድ አልፈልግም፣ ከእኔም ቢሆን። አካሄዱ ግን ይኸው። ለአረርሽ ዓይነትና ክብደት አምራቹ ከጻፈው መነሻ ጀምሪ። በየ0.1 ግሬን እያሳደግሽ ከእያንዳንዱ 10 ጥይት ሙዪ። ከጣሪያው አትለፊ። በክሮኖግራፍ (በፍጥነት መለኪያ) ለኪያቸው። በአንቺ ሽጉጥ አማካዩ 130 አካባቢ የሚሰጠውን ያዢ። 145.5 ግሬን ከሆነ 895 ጫማ ማለት ነው። «ለምን 126 አይበቃም?» ትይኝ ይሆናል። የፕሬስሽ (የጥይት መሙያ መሣሪያሽ) ባሩድ መስፈሪያ በ0.1 ግሬን ወዲያና ወዲህ ይላል፤ በዚህ መጠን ያ ብቻውን 20 ጫማ ገደማ ሊያወዛውዝሽ ይችላል። ከእሱ ላይ ብርዱን ጨምሪበት። ደግሞ የፋብሪካ 124 ግሬን በ1150 ጫማ ሲወጣ 142 ነው። 130 ላይ ብትቆሚ ከዚያ ብዙ ቀንሰሻል፤ አንጓሽ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ፍጥነቱ ትንሽ ከፍ ሲል ጥቁረቱም ይቀንሳል። ባሩዱ ሲቃጠል ቀለሃው ተለጥጦ የቻምበሩን (ጥይቱ የሚገባበት የበርሜሉ ኋላ ክፍል) ግድግዳ መዝጋት አለበት። ግፊቱ ሲያንስ በደንብ አይለጠጥም፣ ጭሱ በጎኑ ወደ ኋላ ያፈተልካል። ጥቁረቱ በራሱ አደጋ አይደለም፤ የግፊቱን ማነስ ብቻ ነው የሚነግርሽ።

ከዚህ በኋላ ወደ ሞላው። የፋብሪካው ሞላ የተመረጠው ለፋብሪካ ጥይት ነው። ለስላሳ ጥይት ስላይዱን እስከ መጨረሻው አይገፋለትም፣ ቀለሃው ሳይወጣ በሩ ይዘጋበታል። የሻዶ 2 ተወዳዳሪዎች ብዙ ጊዜ 11 ፓውንድ ጉልበት ያለው ሞላ ያስገባሉ። አንቺም ከእሱ ጀምሪ። ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አድርገሽ ተኩሺ፤ ስላይዱ ተከፍቶ መቆም አለበት። በሁለት እጅ፣ ከዚያ በቀኝ ብቻ፣ ከዚያ በግራ ብቻ ድገሚው። በተለይ የሚያምሽን እጅ አትዝለዪው። አንጓ ሲያም ሰው ሳያውቀው ይላላል፣ የላላ እጅ ደግሞ ስላይዱ የሚፈልገውን መደገፊያ ይነሳዋል። መቀርቀርሽ ግማሹ ከዚህ የመጣ ቢሆን አይገርመኝም። ሞላው በጣም ሲቀል ደግሞ ስላይዱ እስከ መጨረሻው መዝጋት ያቅተዋል። ያንን ካየሽ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ተመለሺ።

አሁን ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ። ለስላሳ ጥይት ላይ እኔን የሚያስፈራኝ አረር በርሜል ውስጥ መቅረቱ ነው። ከዓመታት በፊት ጥይት እየሞላሁ ስልክ ተደወለ። አነሳሁት። ስመለስ ካቆምኩበት የቀጠልኩ መስሎኝ አንድ ቀለሃ ያለ ባሩድ አለፈኝ። ሜዳ ላይ ተኩሱ «ፑፍ» አለ፣ ስላይዱ አልተንቀሳቀሰም። እጄ ከሐሳቤ ቀደመ፤ ካዝናውን መታሁ፣ ስላይዱን ሳብኩ፣ ደግሜ ተኮስኩ። በርሜሉ አበጠ። ጣቶቼ ተረፉ፤ በርሜሉ አልተረፈም።

ተወዳዳሪ ነሽ፤ መምታትና መሳብ እጅሽ ተምሮታል። አደጋውም ይኸው ነው። ድምፁ ከወትሮው ከቀነሰ፣ ርግጫው ከጠፋ ወይም ስላይዱ ካልሠራ ወዲያው ቁሚ። ዳኛው «ስቶፕ» ካለሽ አትከራከሪው። ሽጉጡን ባዶ አድርጊ፣ በርሜሉን አውጥተሽ ብርሃን አሳዪው። ያ ዙር ቢጠፋ ይጥፋ። ጥይት ስትሞዪ ደግሞ አረሩን ከማስቀመጥሽ በፊት የእያንዳንዱን ቀለሃ ውስጥ በመብራት ተመልከቺ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ከተቋረጥሽ ፕሬሱ ላይ ያሉትን ቀለሃዎች በሙሉ አውርደሽ ከመጀመሪያው ጀምሪ። አንድ ቀን የተቀባው አረር አልቆብሽ በመዳብ የተሸፈነ ብትገዢ ይህንኑ መጠን አትጠቀሚበት። መዳቡ በርሜሉን አጥብቆ ይይዛል፣ በዝቅተኛ ግፊት የመቅረት ዕድሉም ይበልጣል። ለእሱ የራሱን ሰንጠረዥ ክፈቺ።

ሲዜድ የቻምበሩ አንገት አጭር መሆኑንም አትርሺ። በርሜሉን አውጪና ያዘጋጀሽውን ጥይት ጣል አድርጊበት። «ጠቅ» ብሎ መግባት፣ በጣት ሲሽከረከር መዞር፣ ሲገለበጥ በራሱ መውደቅ አለበት። ካልሆነ አረሩን ትንሽ ጥልቅ አድርጊው። ጥልቀት ሲጨምር ግፊትም ስለሚጨምር ባሩዱን እንደገና ከመነሻው ትጀምሪያለሽ። የቀለሃውን አፍ በጣም አታጥብቂው፤ ሽፋኑን ከቆረጠው እርሳሱ በርሜሉ ላይ ይለጠፋል። አንድ ጥይት ነቅለሽ አረሩን እዪው፣ የተቆረጠ ቀለበት ከታየሽ ላላ አድርጊ። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ነው ወደ ልጆችሽ የምትሄጂው፤ እርሳስና የፕራይመር ትቢያ ከቤት ምግብ ጋር አይገናኙ።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም አንድ ነገር። አሜሪካ ውስጥ ለራስ መጠቀሚያ ጥይት መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሞልቶ መሸጥ ግን ይጠይቃል። የየስቴቱን ሕግ ደግሞ ለየብቻው እዩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ላላችሁ ይህ ምክር አይሠራም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያና ጥይትን በጥብቅ ይቆጣጠራል።

ወደ አንጓሽ ልመለስ። ሻዶ 2 ያለ ጥይት 1330 ግራም ይመዝናል። ርግጫውን ብዙውን የሚውጠው ክብደቱ ነው፣ ስለዚህ ከ130 ወደ 126 ብትወርጂ የምታገኚው እረፍት በጣም ትንሽ ነው። 147 ግሬን ከፈጣን ባሩድ ጋር ሲሄድ ስሜቱ እንደ መግፋት ነው፣ አይመታም። ግን ስላይዱ ቀስ ብሎ ይመላለሳል። አንዳንድ ተኳሽ ማነጣጠሪያው ዘግይቶ ይመለስበታል፣ 124 ግሬን በዚያው 130 ላይ ይሻለዋል። አንቺ የቱ እንደሆንሽ በስሜት አይታወቅም። ከሁለቱም 50፣ 50 ሙዪ። 7 ያርድ ላይ ታይመር ይዘሽ ሁለት ሁለት ተኩሺ፣ ሁለተኛው ጥይት የት እንዳረፈና በስንት ሰከንድ እንደሆነ ጻፊ። በማግሥቱ ጠዋት አንጓሽ እንዴት እንዳደረም ከጎኑ ጻፊ። ከሁለቱ የተሻለው ሲታወቅ 200 ሙዪ። 200ዉ ያለ መቀርቀር ካለፉ፣ በብርድ ጠዋት አንዴ ለክተሻቸው ያን ጥይት ይዘሽ ውድድር ግቢ።