«በዓይኔ አይቼዋለሁ» ምን ያህል ያስተማምናል? ስለ ምስክር ትዝታ፣ ስለ አሻራና ስለ ዲኤንኤ ጥያቄና መልስ

በወንጀል ችሎት ውስጥ «ያደረገው እሱ ነው» ብሎ በጣት ከመጠቆም የከበደ ቃል የለም። በጥብቅና ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህ አንድ ቃል ሰውን ወህኒ ሲያወርድ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰውን ስለመለየት የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ባልሁት መሠረት ከደረሱኝ ጥያቄዎች የቻልሁትን ያህል እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰው ውሸታም ካልሆነ በቀር በገዛ ዓይኑ ያየውን እንዴት ይሳሳታል?

መልስ፦ ውሸታሙ ምስክር እኮ ቀላሉ ነው። መስቀለኛ ጥያቄ ሲበዛበት ይንተባተባል፣ የትናንቱን ከዛሬው ያጋጫል። ከልቡ የተሳሳተው ግን አይርበተበትም። እውነት የመሰለውን እየተናገረ ነውና ዳኛውን አሳምኖ ይወርዳል።

በ1984 በአሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ በርሊንግተን ከተማ የ22 ዓመቷ ተማሪ ጄኒፈር ቶምፕሰን ሌሊት ቤቷ በገባ ሰው ተደፈረች። ከተረፍሁ አስይዘዋለሁ ብላ በዚያ ጭንቅ መካከል ፊቱን ለማጥናት ታገለች። ፖሊስ ፎቶግራፎች ሲያሳያት ደቂቃዎች ከወሰደ ማመንታት በኋላ የሮናልድ ኮተንን መረጠች። ቀጥሎ ሰዎች ተሰልፈው ቀረቡላት፤ አሁንም ኮተንን መረጠች። በፎቶውም በሰልፉም የነበረው ግን እሱ ብቻ ነበር። ከሰልፉ በኋላ ደግሞ በፎቶ የመረጠችውን ያንኑ ሰው እንደመረጠች ተነገራት። ለምስክርነት በቆመች ጊዜ ጥርጣሬዋ ሁሉ ጠፍቶ ነበር፤ ኮተን የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በ1987 ጉዳዩ እንደገና ሲታይ እውነተኛው ደፋሪ ቦቢ ፑል ችሎት ፊት ቀረበ። እሷ ግን አይታው እንደማታውቅ ተናገረች። አልዋሸችም፤ በአእምሮዋ ውስጥ የፑል ፊት ቀርቶ በቦታው የኮተን ፊት ገብቶ ነበር። በ1995 የዲኤንኤ ምርመራ ኮተንን ነጻ አወጣው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ከታሰረ በኋላ። በአሜሪካ እስከ 2020 በዲኤንኤ ነጻ መሆናቸው ከተረጋገጠላቸው 375 ሰዎች መካከል ወደ 69 በመቶ በሚሆኑት መዝገብ ላይ የተሳሳተ የዓይን ምስክር አለበት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሕግ ተማሪ ነኝ። መጀመሪያ ያመነታ ምስክር በኋላ ያን ያህል እርግጠኛ የሚሆነው ከየት አምጥቶ ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። እርግጠኝነቱ ከውጭ ይገባል። በ1998 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጌሪ ዌልስና ኤሚ ብራድፊልድ ለተመልካቾች አንድ ታጣቂ የሚታይበትን ቪዲዮ አሳዩ፤ ከዚያ ታጣቂው ከሌለባቸው ፎቶዎች እንዲመርጡ አደረጉ። ስለዚህ የመረጠው ሁሉ ተሳስቷል። ከእነዚህ መካከል «ጎበዝ፣ ተጠርጣሪውን ለይተኸዋል» የተባሉት እርግጠኝነታቸው ከፍ አለ። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሰውየውን ምን ያህል በግልጽ እንዳዩት፣ ምን ያህል ልብ እንዳሉት ሲጠየቁም ከሌሎቹ አብልጠው መለሱ። አንዲት የምስጋና ቃል ያለፈውን እይታቸውን ጭምር ለወጠችው ማለት ነው።

የጥያቄ አጠያየቅም እንዲሁ ነው። በ1974 ሌሎች የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር፣ የመኪና አደጋ ፊልም ካሳዩ በኋላ አንዱን ቡድን መኪኖቹ ሲነካኩ እንደማለት ባለ ለስላሳ ግስ፣ ሌላውን ሲላተሙ እንደማለት ባለ ኃይለኛ ግስ ፍጥነቱን ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ ኃይለኛውን ግስ ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አዎን አሉ፤ ለስለስ ያለውን ከሰሙት 50 ደግሞ 7ቱ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ነገ መርማሪ ወይም ዐቃቤ ሕግ ስትሆኚ «ቢላዋ የያዘው ልጅ ምን ለብሶ ነበር?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ቢላዋውን ያመጣሽው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። «ያየኸውን ንገረኝ» በይና ዝም ብለሽ አድምጪ።

ጥያቄ፦ አያቴ ስለ ሌባሻይ ያወሩን ነበር። ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ጉድ አይደለም?

መልስ፦ ሌባሻይ ላልሰማ፦ ንብረት ሲጠፋ አንድ ያልደረሰ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ይጠጣና በየመንደሩ ይለቀቃል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ዕዳውንም ይከፍላል። ልማዱ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ታገደ እንጂ ለዘመናት የሰው ኑሮ ሲያፈርስ ኖሯል። በአፈርሳታው ደግሞ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ሥራው አይበተንም ነበር።

በእነሱ ላይ ለመፍረድ ግን አልቸኩልም። ሰዎቹ የፈለጉት እኛ የምንፈልገውን ነው፤ ያልታወቀውን አጥፊ ማወቅ። ልጁ ወደየት እንደሚያዘነብል የሚመሩት ሰዎች ሳያውቁት ሊገፉት እንደሚችሉ ሁሉ፣ ዛሬም ተጠርጣሪው ማን እንደሆነ የሚያውቅ መርማሪ ከምስክሩ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ሲያገላብጥ በትንፋሹ፣ በዓይኑ፣ በዝምታው ይመራዋል። ስለዚህ ነው ፎቶውን የሚያሳየው ፖሊስ ራሱ ተጠርጣሪውን የማያውቅ ይሁን የሚባለው። ወጪ የለውም፤ ሌላ ክፍል ያለ ባልደረባን መጥራት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መንትዮች አሻራቸውና ዲኤንኤአቸው አንድ ነው?

መልስ፦ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮችን በተለመደው የዲኤንኤ ምርመራ መለየት አይቻልም። አሻራቸው ግን ይለያያል፤ የጣት መስመሮች ማሕፀን ውስጥ ሲሠሩ የሚደርስባቸው ግፊትና ዕድገት ለእያንዳንዱ የተለየ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ምስክሩን ትተን በአሻራና በካሜራ ብንፈርድ አይሻልም?

መልስ፦ አሻራው አይሳሳትም ይሆናል፤ አነጻጻሪው ግን ሰው ነው። በመጋቢት 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ በአንድ ከረጢት ላይ የተገኘን አሻራ የአሜሪካው ኤፍቢአይ የኦሪገኑ ጠበቃ የብራንደን ሜይፊልድ ነው አለ። ሦስት ባለሙያዎቹ ተስማሙ፤ ፍርድ ቤት የሾመው ገለልተኛ ባለሙያም አብሮ ተሳሳተ። የስፔን ፖሊስ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ሲያረጋግጥ ሜይፊልድ ሁለት ሳምንት ታስሮ ነበር። መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ 2 ሚሊዮን ዶላር ካሠ። ተከታዩ ባለሙያ የመጀመሪያውን መልስ እያወቀ ሲመረምር የሚያየው ያንኑ መልስ ይሆናል።

ካሜራውም እንዲሁ። በጥር 2020 በዲትሮይት ሮበርት ዊልያምስ የተባለ ሰው ሚስቱና ልጆቹ እያዩት በሌብነት ተያዘ። ኮምፒውተሩ ከሱቅ ቪዲዮ ላይ የነበረውን የደበዘዘ ፊት ከሱ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ጋር አመሳስሎ ነበር። ከዚያ ፖሊስ ፎቶዎች ደርድሮ ስርቆቱን ያላየችና ቪዲዮውን ብቻ የተመለከተች የሱቁን ጥበቃ ሠራተኛ አስመረጠ። የማሽኑ ስህተት በምስክር ስም ተጠምቆ ወጣ።

ጥያቄ፦ ፋይዳ አሻራችንን ሁሉ ከወሰደ ለእኛም እንዲህ ያለ ስህተት አይመጣም?

መልስ፦ ሁለት ነገሮችን ለዩልኝ። ፋይዳ አሥር ጣት፣ ሁለት የዓይን ብሌንና የፊት ፎቶ ይወስዳል። ባንክ ሄደው «እኔ እገሌ ነኝ» ሲሉና አሻራዎ ከራስዎ መዝገብ ጋር ሲተያይ ጥያቄው አንድ ለአንድ ነው፤ የስህተቱ ዕድል ትንሽ ነው። አደጋው ከወንጀል ቦታ የተነሣ ጎደሎ ወይም የተድበሰበሰ አሻራ ከሚሊዮኖች መካከል ሲፈለግ ነው። መዝገቡ በሰፋ ቁጥር በአጋጣሚ የሚመሳሰልም ይበዛል፤ ሜይፊልድም የተገኘው በእንዲህ ያለ ፍለጋ ነው። ስለዚህ የማሽን መልስ የምርመራ መነሻ እንጂ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቆጠር አጥብቄ እከራከራለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ነጮቹን ለመለየት እቸገራለሁ፤ እነሱም እኔንና የአገሬን ልጆች ያደባልቁናል። ንቀት ነው?

መልስ፦ ንቀትም ሊኖር ይችላል፤ ዋናው ምክንያት ግን ዓይን ያደገበትን ፊት መልመዱ ነው። በ2001 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠናቀረ ሥራ የሌላ ዘር ፊትን በስህተት «አይቼዋለሁ» የማለት ዕድል አንድ ተኩል እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። ጉዳት የሚያመጣው ምስክሩ ይህን ድክመቱን ሳያውቀው ሲቀር ነው። እርስዎም አንድ ቀን ፎቶ ቢቀርብልዎ «አላውቀውም» ማለት ሙሉ መልስ ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ማታ ስልኬን ነጠቁኝ። ፖሊስ «ሰዎች ይዘናል፣ ና ለይ» ብሎኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከመሄድዎ በፊት ዛሬውኑ የሚያስታውሱትን ይጻፉ፤ ቁመት፣ ልብስ፣ ድምፅ፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣ እንደነበር፣ ስንት ሴኮንድ እንዳዩት። አብሮዎት ከነበረ ሰው ጋር ትዝታ አያዋሕዱ። ጣቢያው አንድ ሰው ብቻ አቁሞ «እሱ ነው?» ካለዎ፣ ከሚመስሉት ሰዎች ጋር ተሰልፎ እንዲቀርብልዎ በትሕትና ይጠይቁ። ሌባው ከመካከላቸው ላይኖር ይችላል፤ ይህን እያሰቡ ይግቡ። ከመረጡም በዚያው ቅጽበት ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ በራስዎ ቃል ይመዝገብ። አሠራሩ ንጹሕ ከሆነ ያ የመጀመሪያ እርግጠኝነት ብዙ ዋጋ አለው፤ ምስክር ሁሉ ከንቱ ነው የሚሉትን የማልቀበለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ታስሯል። አንዲት ሴት ችሎት ቆማ በጣቷ ጠቆመችው። እኔ እናቱ ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ችሎት ላይ መጠቆም ብቻውን ቀላል ነገር ነው፤ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ የቆመው አንድ ሰው ነው፣ ሌላ ማንን ትጠቁም? ስለዚህ ጠበቃው ወደ ኋላ ይመለስ። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፖሊስ ቃል የሰጠችው መቼ ነው? ያን ዕለት ስለ መልኩ ምን ብላ ነበር? ልጅዎን ከማየቷ በፊት ፎቶውን በስልክ ወይም በቴሌቪዥን አይታዋለች? ስትለየው ስንት ሰው አብሮት ተሰልፎ ነበር፣ ሲለይስ ማን ምን አላት? የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተሰጥቶታል። የዚያን የመጀመሪያ ቀን ቃል ጠበቃው ከምርመራ መዝገቡ አውጥቶ ከችሎቱ ቃል ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጠው፤ ከቀጠሮው ቀን በፊት አንብቦት እንደሆነም እርስዎ ራስዎ ይጠይቁት።