ጨረር የነካው መንጋጋ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። አባቴ በአፍ ካንሰር ታመው ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ጨረር ወስደዋል። አምና እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ የታች መንጋጋ ጥርስ አስነቀሉ፤ ቦታው እስከ ዛሬ አልሻረም። አሁን አጥንቱ ይታያል፣ ከአገጫቸው ሥርም መግል ይወጣል። ሐኪሞቹ የተበላሸውን አጥንት ቆርጠው ከእግራቸው አጥንት ሊተኩ ነው። እሳቸው ግን «ጨረሩ ከሰውነቴ ይውጣ መጀመሪያ» ይላሉ። ደግሞ ነጋዴ ናቸው፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ሳይወጡ አይውሉም። እግራቸውስ? — ልጃቸው

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። የሚወጣ ጨረር የለም። በማሽን የተሰጠ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ የሚቀረው ጉዳቱ ነው። ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ሥጋውንም ያደርቃል። ይህ ደግሞ በዓመታት ይብሳል እንጂ አይሻልም። የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ያነሰ ደም ስለሚያገኝ ቀድሞ ይጎዳል፤ በተለይ የጨረሩ መጠን ከ60 ግሬይ (የጨረር መለኪያ ነው) ካለፈ።

እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ጥርስ ከመንቀሌ በፊት «አንገትህ ላይ ጨረር ወስደሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይቺን ጥያቄ የሚዘል ባለሙያ ያናድደኛል። የማይድን ጥርስ መነቀል ያለበት ጨረሩ ሳይጀመር፣ ቁስሉ እንዲሽር ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው።

«ዝም ብለው ቢሰፉትስ?» ትዪ ይሆናል። ደም የማይደርሰው ቁስል ቢሰፋም ይከፈታል። ደም ሥር የሌለው ደረቅ አጥንት ቢተከልበትም ይሞታል። ስለዚህ የእግሩ አጥንት ከነሥጋውና ከነደም ሥሩ ይወሰድና በማይክሮስኮፕ እየታየ ከአንገት ደም ሥር ጋር ይሰፋል። ችግሩ የአንገቱንም ደም ሥር ጨረር ነክቶታል። ተስማሚ ካልተገኘ ሐኪሞቹ ወደ ሌላኛው የአንገት ጎን ይሄዳሉ፤ አንዳንዴም የደረት ጡንቻ ወደ ቁስሉ ያዞራሉ። ጨረር ባገኘው አንገት ምራቅ በቁስሉ በኩል ሊያፈስ ይችላልና ማገገሙ ቢረዝም አትደንግጡ። ከሁሉ በፊት ግን ካንሰሩ አለመመለሱ በናሙና ይረጋገጥ።

እግራቸውን በተመለከተ፣ የሚወሰደው ቀጭኑ አጥንት ነው፤ ክብደት የሚሸከመው ወፍራሙ ነው። ከጉልበትና ከቁርጭምጭሚት በኩል ጫፍ ጫፉ ይተዋል። የእግሩ ደም ሥር ቀድሞ በምርመራ ይታያል። አብዛኛው ሰው ተመልሶ ይራመዳል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ገበያ ሌላ ሰው ይላኩ። ሲጋራ ካለ ዛሬውኑ ይቁም። የተሰፋችውን ደም ሥር ይጎዳል።

የጨረሩን ወረቀት ፈልጉና ያዙ፤ መጠኑ፣ የተሰጠበት ቦታና ቀኑ ያለበትን። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ ነው) ምርመራም ጠይቁ። አንገት ላይ የተሰጠ ጨረር ብዙ ጊዜ ታይሮይድን ያደክማል፤ ይሄ ሳይታወቅ ቀርቶ የቁስላቸውን መሻር የሚያዘገይባቸው አሉ። ቀላል የደም ምርመራ ነው።