ያረጀ ውሻ ያላችሁ ጠይቁኝ

ሰላም ድሬዎች። በእንስሳት ጤና ሙያ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን የሚደወልልኝ ሁሉ ስላረጀ ውሻ ነው። ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ከወዲሁ፦ የሰው ክኒን ለውሻ አትስጡ።

ከከዚራ፦ ጋሼ፣ ውሻዬን አሞታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑን ነው ያመመው? ስንት ዓመቱ ነው? ይበላል? በደንብ ጻፍልኝ።

ከሳቢያን፦ ቦቢ 12 ዓመቱ ነው። ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሴራሚኩ ላይ ይንሸራተታል። ሳየው ሆዴ ይባባል።

መልስ፦ የዳሌ መገጣጠሚያው ሳይሆን አይቀርም፣ ሐኪም ይየው። እስከዚያው ወለሉን አስተካክይ። ከሚተኛበት እስከ ውሃው ድረስ ምንጣፍ ወይም ጆንያ አንጥፊለት። ጥፍሩ ረዝሞ ከሆነ ይቆረጥ፤ የሚያንሸራትተው አንዱ እሱ ነው። ወፍሮም ከሆነ ምግቡን ቀንሺ።

የኔዋም በ13 ዓመቷ እንዲሁ ሆና ነበር። በሆዷ ሥር ፎጣ አሳልፌ፣ ወገቧን ደገፍ እያደረግሁ ግቢ አወጣት ነበር። ፎጣውን ሳነሳ ገና ጭራዋን መቁላት ትጀምራለች።

የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ውሻ እንደኛ ገላው አያልበውም፣ ሙቀቱን በዋናነት የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ሲያረጅ ያም ያደክመዋል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ቀስ ብሎ ይራመድ፣ ይበቃዋል።

ከሐረር፦ ወደኛ ላኩት፣ እዚህ አየሩ ነፋሻ ነው።

ከመጋላ፦ አቦ፣ ለጅብ ልታበሉት ነው?

ከሐረር፦ የኛ ጅቦች ከሰው እጅ ነው የሚጎርሱት!

ከመጋላ፦ ከሰው እጅ ጎረሱ ማለት ውሻ አይነኩም ማለት ነው እንዴ?

መልስ፦ የጅቡን ነገር ተዉት። ያረጀ ውሻ ቤቱን በማሽተትና በልማድ ነው የሚያውቀው። አዲስ ቦታ ሲወስዱት ይደናገጣል። የትም አይሂድ።

ከገንደ ቆሬ፦ ለሕመሙ አይቡፕሮፌን ግማሽ ብሰጠውስ?

መልስ፦ አይሆንም ብያለሁ! አይቡፕሮፌንም ዲክሎፌናክም የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ግማሽ አልሽ ሩብ፣ ያው ነው። ለውሻ የተሠራ ማስታገሻ አለ፤ ሐኪሙ መዝኖ ይሰጥሻል።

ከለገሃር፦ የወጥ ትራፊስ?

መልስ፦ ወጣችን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ሩዝና የተቀቀለ ሥጋ ስጠው፣ ያለ አጥንት።

ከሳቢያን፦ ውሃ በጣም ይጠጣል፣ ሌሊት ቤት ውስጥ ይሸናል።

መልስ፦ አትቆጪው፣ ውሃም አትከልክዪው። በቀን የሚጠጣውን ለኪ። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከ2 ሊትር በላይ ከጠጣ ኩላሊቱ ወይም ስኳሩ ይታይ።

ከታይዋን ሰፈር፦ የጀርመን ቡችላ ስንት ይሸጣል?

መልስ፦ ዛሬ የመጣነው ለዚህ አይደለም።

ከደቻቱ፦ መቼ ነው በቃው የሚባለው? ጎረቤት መርዝ ስጡት ይለናል።

መልስ፦ መርዝ በፍጹም! ለውሻ የሚሰጡት መርዝ እያንፈራገጠ፣ ነፍሱ እያወቀ ነው የሚገድለው። ከናንተ ጋር ያረጀ እንስሳ ይህ አይገባውም። ሐኪም በመርፌ ያስተኛዋል፣ ከዚያ ልቡ ይቆማል። ቀኑን ደግሞ እሱ ራሱ ይነግራችኋል። የሚወደውን ምግብ ፊቱን ሲያዞርበት፣ በር ሲከፈት ቀና ማለት ሲያቅተው፣ ከደህናው ቀን የሕመሙ ቀን ሲበዛ። ያን ቀን አጠገቡ ሁኑ፣ ድምፃችሁን ይስማ።

ከከዚራ፦ ጋሼ እኔን አለፉኝ። ውሻዬ ታሟል እኮ።

መልስ፦ የጠየቅኩህን መቼ መለስክ? ዓመቱ? ምን ሰጠኸው?

ከከዚራ፦ 11 ዓመቱ ነው። ለእግሩ ዲክሎፌናክ ሦስት ቀን ሰጠሁት። ዛሬ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፣ አይነሳም።

መልስ፦ ከንፈሩን ገልጠህ ድዱን እይ። ምን ይመስላል?

ከከዚራ፦ ነጭ ነው።

መልስ፦ ውስጡ እየደማ ነው። ሌላ ክኒን እንዳትጨምር። በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ባጃጅ ያዝ፣ ሐኪም ጋ አድርሰው። ክኒኑን ከነማሸጊያው ያዝ። ስልኬን ክፍት አድርጌያለሁ።