ሉቃስን የረሳሁበት ቀን፦ ለጀማሪ ፕሮግራመሮች

ውድ ልጆቼ፣

ፒያሳ፣ ከቢሮዬ ሥር ካለችው ቡና ቤት ስገባ ከእናንተ አንዱ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ማኪያቶው ቀዝቅዞበት፣ ግንባሩን በመዳፉ ደግፎ አየዋለሁ። ምን እንደገጠመው ሳልጠይቀው አውቃለሁ፤ ትናንት ሲሠራ ያመሸው ኮድ ዛሬ እምቢ ብሎታል። ስለዚያ ስሜት፣ በተለይም ስለ ኀፍረቱ፣ ጥቂት ልንገራችሁ።

ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ አገሩ ሁሉ የሚሊኒየሙን ዋዜማ ለማክበር ሽር ጉድ በሚልበት ዕለት፣ የአንድ ሱቅ ገንዘብ ያዥ ደውላ የሽያጭ መመዝገቢያው የዕለቱን ቀን አልቀበልም እንዳላት ነገረችኝ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ሥራ ላይ ከዋለም ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

«ቀኑን አሳስተሽ ጽፈሽ ይሆናል» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ ዘንድሮ እኮ ሉቃስ ነው!»

በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን እንዳላት እርሷም ታውቃለች፣ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ኮዴ ግን አያውቅም ነበር። የፈረንጆቹን ደንብ እንዳለ ገልብጬ፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪ ሲያጣ አንድ ቀን እንዲጨምር አዝዤው ኖሯል፤ በእኛ አቆጣጠር ግን የምትጨመረው ቀሪው 3 ሲሆን ነው፣ 1999ም እንዲሁ።

ማረሚያው የአንድ መስመር ሥራ ነበር። ሆኖም ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት አላገኘሁትም፤ በመጀመሪያ ሴቲቱን፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሯን፣ ከዚያም የመብራት መቆራረጡን ስከስ ዋልኩ እንጂ የቀን መቁጠሪያውን ኮድ አልከፈትኩትም። አጠገቤ ላለው ባልደረባዬ «እስቲ እይልኝ» ማለት ሞት ሆነብኝ። ሲያቅተኝ መስመር በመስመር ጮክ ብዬ ላስረዳው ጀመርኩ፤ እርሱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ማካፈሉ ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ።

እንግዲህ ንዴቱ ይመጣል፤ በዚያ ሰዓት ግን ኮዱን አትንኩት፣ አንዱን ስህተት ሦስት ታደርጉታላችሁና። ተነሡ፣ እስከ ጊዮርጊስ ደርሳችሁ ተመለሱ። ስትመለሱም ምን እንዳያችሁና ምን እንደገመታችሁ በደብተር ጻፉ። በማርክ 2 ኮምፒውተር ላይ ይሠሩ የነበሩ የሃርቫርድ ባለሙያዎች በ1947 እ.ኤ.አ. ሪሌይ በሚባል የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ የገባች የእሳት እራት ባገኙ ጊዜ፣ በመዝገባቸው ላይ ለጥፈው «በእውን የተገኘ የመጀመሪያው ባግ» ሲሉ ጻፉባት። (ባግ በእንግሊዝኛ ትንሽ ነፍሳት ማለት ነው፤ መሐንዲሶች ግን ቀድሞም የማሽንን ብልሽት በዚሁ ቃል ይጠሩት ስለነበር ቀልዳቸው ነው።) በእኔም ደብተር «ሉቃስን ረሳሁ» የሚል ገጽ አለ፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የማሳየው እርሱን ነው።

መስከረም 2 ቀን ወደ ሱቁ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። የጳጉሜን 6ን ሽያጭ በሙሉ በእጇ ጽፋ አስቀምጣልኝ ነበር፤ እርሷ እያነበበችልኝ እኔ አስገባሁት።