በድሪል ዎርት መበጥበጥ ያዋጣል ወይ ላላችሁ

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ያለው ወንድማችን የለጠፈውን ጥያቄ አየሁት። ቤቱ ቢራ ይጠምቃል። 25 ሊትር የሚይዝ ባልዲ አለው። ከህንፃ መሣሪያ መደብር የቀለም መበጥበጫ ገዝቷል። እሱን ድሪል ላይ ገጥሞ ዎርቱን (ቢራ የሚሆነውን የብቅል ጭማቂ) እየመታ አየር ማስገባት ፈልጓል። «ያዋጣል ወይስ ቢራዬን አበላሸዋለሁ?» ነው ጥያቄው። ከስሩ ደግሞ አንዲት እህት «ለጠላ ድፍድፍስ ይሆናል?» ብላለች።

ያዋጣል። እኔ በእንጨት ማማሰያ ክንዴ እስኪዝል መምታቱን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ግን ወንድሜ፣ ያንን የገዛኸውን መበጥበጫ ለቀለም ተወው። ወደ እሱ እመለስበታለሁ።

ለአዲሶች፦ ዎርት ማለት ብቅሉ በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ የሚወጣው ጣፋጭ ጭማቂ ነው። ከሆፕስ (እንደ ጌሾ ምሬት ከሚሰጠው አበባ) ጋር አንድ ሰዓት ያህል እሳት ላይ ይንተከተካል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሲፈላ ውስጡ የነበረው ኦክስጅን ተኖ ያልቃል። እርሾ ደግሞ ሥራ ሲጀምር ኦክስጅን ይፈልጋል። ለመተንፈስ ሳይሆን የሴሉን ሽፋን የሚሠራባቸውን ቅባቶች ለማዘጋጀት ነው። ካላገኘ ደካማ ልጅ ይወልዳል። ቢራው ዘግይቶ ይነሳል፣ መሀል ላይ ይቆማል፣ ስኳሩ ሳያልቅ ይቀራል፣ አንዳንዴም ያልበሰለ አፕል የሚመስል ጠረን ያመጣል። እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ይህ ጣጣ የማይገጥማቸው ብዙ ጊዜ ፈሳሹን ስለማያፈሉት ነው። እንኩሮው በእሳት ያልፋል እንጂ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ በእጅም ይታሻል። አየሩ ሳይታሰብ ይገባል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ በተለይ ለእኛ ለጎንደሮች። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ነው። ውኃ እንኳ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ንጹህ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እኛ ጋ ግን ወደ 7 ይወርዳል። ዎርት ስኳር ስላለበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለተለመደ ቢራ የሚመከረው በሊትር ከ8 እስከ 10 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ በድሪልም በማማሰያም በተራ አየር እዚያ ቁጥር ላይ አትደርስም። ድሪሉ ወደ ጣሪያው ቶሎ ያደርስሃል እንጂ ጣሪያውን ከፍ አያደርገውም። ግማሽ ሰዓት ቢሽከረከር ከአምስት ደቂቃው የተለየ ነገር አታገኝም። ባትሪ መጨረስ ነው።

አትደንግጥ ታዲያ። ቀለል ላለ ቢራ 6 እና 7 ሚሊግራም ጥሩ ይሠራል። ጠንካራ ቢራ ከፈለግህ ግን ድሪሉን አትመን፣ እርሾ ጨምር።

ስለ እርሾ ካነሳን፣ የታሸገ ደረቅ እርሾ የምትጠቀም ከሆነ ይህ ሁሉ ጭንቀት ይቀንሳል። ደረቅ እርሾ ፋብሪካ ውስጥ ሲመረት የሚፈልገውን ቅባት ሰንቆ ነው የሚታሸገው። አምራቾቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጨመር አየር ማስገባት ግድ አይደለም ይላሉ። እኛ ግን አብዛኞቻችን አንድ ፓኬት ከውጭ ዘመድ ሲያመጣልን ከባልዲው ስር የቀረውን እያጠራቀምን ደጋግመን እንጠቀማለን። ያ እርሾ ስንቁን ጨርሷል። ድሪሉ በደንብ የሚክሰው ያኔ ነው።

ወደ መበጥበጫው እንምጣ። የቀለም መበጥበጫ አብዛኛው ተራ ብረት ላይ ዚንክ የተቀባ ነው። ዎርት አሲድነት አለው። ዚንኩን ይበላዋል፣ ከዚያ ስሩ ያለው ብረት ይዝጋል፣ ቢራህ የብረት ጣዕም ያመጣል። በዚያ ላይ የብየዳው መጋጠሚያ ሸካራ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ የተደበቀውን ቆሻሻ በምንም አታወጣውም። በምትኩ በያጅ ጋ ሂድና በስቴንለስ አሠራ። 304 የሚባለው ይበቃል፣ ለወጥ ቤት ዕቃ የሚሆነው ማለት ነው። ዘንጉ ረጅም ይሁን፤ ድሪሉ ከባልዲው አፍ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ እንዲል። ክንፎቹ ጠርዛቸው ተሞርዶ ክብ ይሁን። ስለታም ከሆነ የፕላስቲክ ባልዲ ይጭራል፤ በጭረቱ ውስጥ የሚያድገውን ተህዋስ በረኪናም አያገኘውም። ጫፉ ላይ ትንሽ የሲሊኮን ቱቦ ብትሰካበት ደግሞ ስሩን ቢነካም አይጎዳውም።

በጀሪካን የምትጠምቁ፣ ይሄ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። ክንፉ ተጣጥፎ በጠባብ አፍ የሚገባ መበጥበጫ በውጭ አገር ይሸጣል፣ ግን ጀሪካኑን ክዳኑን ገጥሞ ደህና አድርጎ መነቅነቅም ያው ነው።

ድሪሉን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። በሶኬት የሚሠራውን አትጠቀሙ። እጅ እርጥብ፣ ወለል እርጥብ፣ ከስር ደግሞ 20 ሊትር ፈሳሽ። ለቢራ ብሎ ሰው አይሞትም። በባትሪ የሚሠራው ይሻላል። መብራት ሲጠፋም አያስቆምህም፣ እሱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሌላው የድሪሉ ግሪስ ነው። ፑንታ ከሚነክሰው አፉ ላይ የብረት ብናኝና ቅባት ይረግፋል። ቅባት ዎርት ውስጥ ከገባ የቢራውን አረፋ ይገድለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የባልዲውን ትርፍ ክዳን መሀሉን ብሳና ዘንጉን በዚያ አሳልፈው። የሚረግፈው ክዳኑ ላይ ይቀራል፣ ፍንጣሪውም ግድግዳ አይደርስም። ክዳኑ አየር ይከለክላል ብለህ አትስጋ። 25 ሊትር ባልዲ ውስጥ 20 ሊትር ዎርት ካለ ከላይ የቀረው አምስት ሊትር አየር ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኦክስጅን አለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዎርቱ ይቀዝቅዝ፣ ከ25 ዲግሪ በታች። ትኩሱን ከመታኸው ኦክስጅኑ አይቀመጥም፣ ይልቁንም ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙንም ቶሎ ያስረጀዋል። የእኛ ከተማ የሌሊት ብርድ እዚህ ላይ ውለታ ይውላል፤ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በቱቦ እያፈሰሱ ማቀዝቀዝ አይታሰብም፣ በሳፋ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። መበጥበጫውን ሩብ ሰዓት አፍላው። በረኪና ከመረጥክ በደንብ አቅጥነህ፣ ብዙ ሳታቆይ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ማለቅለቅ አለብህ። ስቴንለስም ቢሆን በረኪና ውስጥ ካደረ ይበላል። በግራዋ አሽቶ ወይራ ማጠን ለጋን ነው፣ ለስቴንለስ አያስፈልግም።

ከዚያ ድሪሉን በዝቅተኛው ማርሽ አስነሳ። ክንፉ ፈሳሹ ውስጥ ሳይገባ አታሽከርክር፣ ያለዚያ ፊትህን ታጥባለህ። ዘንጉን መሀል ላይ አታቁመው። መሀል ላይ ከሆነ ዎርቱ አብሮ ይዞራል እንጂ አይደባለቅም። ወደ አንድ ጎን አድርገህ ትንሽ አዘንብለው። ከላይ ወደ ታች የሚስብ ጉድጓድ ስታይ አየሩ እየገባ ነው። በየመሀሉ አቅጣጫውን ቀይር። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። አረፋው ከባልዲው አፍ ሲደርስ አቁምና ይውረድ። ከዚያ እርሾውን ጨምር፣ ክደን፣ ተወው።

ተወው ስል የምሬን ነው። እርሾው ከተነሳ በኋላ፣ በተለይ በማግስቱ፣ «ትንሽ ላግዘው» ብሎ ድሪል ማስገባት የለም። ያኔ የሚገባው ኦክስጅን ቢራውን ነው የሚበላው። ከሳምንታት በኋላ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕም ይመጣል። በዚያ ላይ ጋዝ የያዘ ቢራ ሲመታ ገንፍሎ ወለል ላይ ነው የሚያልቀው።

ብቅሉን በሙቅ ውኃ ስትዘፈዝፍም ድሪሉ ይጠቅማል፤ የዱቄት ቋጠሮ ይፈታል። ግን በጣም ቀስ ብለህ። ገለባውን ከፈጨኸው ማጥለሉ ላይ ትቀጣለህ።

እህቴ፣ ለጠላ ድፍድፍ አልመክርሽም። ድፍድፍ ወፍራም ነው፤ ትንሽ የባትሪ ድሪል ሞተሩ ይቃጠላል። ጋኑ ደግሞ ሸክላ ነው፣ ክንፉ አንድ ጊዜ ቢመታው ይሰነጠቃል። ለኮረፌም ያው ነው። እጅሽ ይሻላል። ለጠጅ ግን ድሪሉን ተዋሺ። ማር በውኃ ውስጥ መበጥበጥ ያለውን ልፋት ታውቂዋለሽ፤ ጌሾው ከመግባቱ በፊት በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታልሻል።

ወንድሜ፣ በያጁ ጋ ከመሄድህ በፊት የድሪልህን አፍ ለካ። ትንንሾቹ እስከ 10 ሚሊሜትር፣ ትልልቆቹ እስከ 13 ሚሊሜትር ዘንግ ይይዛሉ። 8 ሚሊሜትር አድርገህ ካሠራኸው ሁለቱም ይነክሱታል፣ ለ20 ሊትርም አይታጠፍም። የሚሠራልህ ሰው ስቴንለስ የለኝም ካለ፣ ሌላ ቦታ ጠይቅ እንጂ በተራ ብረት አታሠራ።