የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ከዓለም ገና ወዲያ ለአንድ እሑድ

«ቤታችን ዓለም ገና ነው። እሑድ በመጣ ቁጥር ልጆቹ መሀል ከተማ ካልወሰዳችሁን ይላሉ። በቡታጅራ መንገድ ላይ ብዙ የሚታይ ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴም አብረውን ይሄዳሉ። በአንድ ቀን ስንቱን ማየት ይቻላል?»

ሦስቱን፤ ትክል ድንጋዮች ያሉበትን ጢያን፣ የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያንንና የጥንት ሰው ቁፋሮ ቦታ የሆነውን መልካ ቁንጡሬን። ቀኑ የሚበላሸው አብዛኛው ሰው ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ሩቁ ስለሚሄድ ነው። ጢያ ሲደርስ ቀትር ይሆናል። ሜዳው ጥላ የለውም፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ደግሞ በትክል ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸው ጎራዴ ደብዝዞ ይጠፋል። ጠዋት ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ግን የእያንዳንዱ ቅርጽ ጠርዝ በጥላ ይለያል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተው በቀጥታ ጢያ ይሂዱ። ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የመቃብር ስፍራ ነው። ከ36ቱ ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ አላቸው፤ ልጆቹን ጎራዴ ያስቆጥሯቸው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሯሯጡ ማብራሪያውንም ሳይሰለቹ ይሰማሉ።

ሲመለሱ አዳዲ ማርያም ይግቡ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ከ5 ሰዓት በፊት ቢደርሱ ውጭ መጠበቅ ነው። ወር በገባ በ21 ደግሞ የማርያም በዓል ስለሆነ ሕዝቡ ይበዛል፤ ለመሳለም ጥሩ ነው፣ ረጋ ብሎ ለማየት ግን አይመችም። ቤተ ክርስቲያኑ ከመሬት ወለል በታች ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ ዙሪያውን በጉድጓድ የተከበበ ሲሆን በደረጃ ይወረዳል። እናትዎ ካልቻሉ ከላይ ሆነው ጣሪያውንና ዙሪያውን ማየት ይችላሉ። ጫማ ይወልቃል፤ ውስጡ ጨለማ፣ ወለሉም ወጣ ገባ ስለሆነ ወፍራም ካልሲና የእጅ ባትሪ ይያዙ። ነጠላ አይርሱ፤ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ካህናቱን ያስፈቅዱ። ከዋናው መንገድ የሚገነጠለው የገጠር መንገድ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ዝቅ ላለ መኪና ያስቸግራል።

መልካ ቁንጡሬን ለመጨረሻ ያድርጉት፤ ከ9 ሰዓት ግን አያሳልፉ። አዋሽ ዳር፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በሙዚየሙ ጎጆዎች ውስጥ የተደረደሩት የባልጩት መሣሪያዎች ዛሬም ጠርዛቸው ይቆርጣል። ጎምቦሬ በተባለው የቁፋሮ ቦታ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው ዱካ ተገኝቷል፤ ከዱካዎቹ መካከል ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት እግርም አለ። ለልጆች ከዚህ የተሻለ ወሬ አናውቅም።

መጓጓዣውን በተመለከተ፦ የቡታጅራ መኪኖች ዓለም ገና የሚደርሱት ሞልተው ስለሆነ በቅብብሎሽ ሦስቱን ማዳረስ አይቻልም። ሚኒባስ ኮንትራት ይያዙ፤ አዳዲ ማርያም መታጠፉን አስቀድመው ካልተነጋገሩ ግን መገንጠያው ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። ለመግቢያና ለአስጎብኚ ዝርዝር ብር ይያዙ። የመንገዱንም ሁኔታ በዋዜማው ይጠይቁ።

«አክስቴ ከድሬዳዋ መጥታለች፤ እንጦጦ ላወጣት አስቤያለሁ። ይከብዳት ይሆን?»

በመጣች ማግስት አይሁን። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከቆላ የመጣ ሰው ዳገቱን ሲጀምር ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሁለት ሦስት ቀን ትረፍ፤ ከዚያ በመኪና እስከ ማርያም ውጡ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚያ ነው፤ ሙዚየሙም በዚያው ግቢ ይገኛል። ፓርኩ ውስጥ ፈረስ መጋለብ ከብስክሌት ይሻላታል፤ በብስክሌት ቁልቁለቱ ደስ ቢልም መመለሻው ዳገት ነው። ጋቢ ያዙ።

«መናገሻ ሱባ ጫካ በቤት መኪና ይገባል?»

በበጋ፣ ቀስ ተብሎ። በክረምት አይሞክሩት፤ ጭቃው ጎማ ይውጣል። ጉሬዛ ማየት ከፈለጉ በጠዋት ይድረሱ፤ የወጨጫን ተራራ ጫፍ (3,385 ሜትር) ካሰቡ ደግሞ ከጥበቃዎቹ ጋር ተነጋግረው መንገድ የሚያውቅ ሰው ይያዙ።