የጤና ጥያቄና መልስ፦ እከክ ከአንድ ድንኳን ለምን አልወጣ አለ?

ጥያቄ፦ የአዳማ ነዋሪ ስሆን በነርስነት ሠልጥኜ በአንድ የጦር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፤ ይህን የምጽፈው ለዕረፍት ወደ ቤተሰቤ መጥቼ ነው። በአንድ ድንኳን ከሚያድሩት ወታደሮች ብዙዎቹን ሌሊት ሌሊት ያሳክካቸዋል። ወደ እኔ የመጡትን ሁሉ ቤንዚል ቤንዞኤት እንዲቀቡ ባደርግም ወር ሳይሞላ ተመልሰው ይመጣሉ። መድኃኒቱ ኃይሉን አጥቶ ይሆን? ያለ ላቦራቶሪስ እከክን ከሌላው በምን ልለየው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መድኃኒቱን ከመጠራጠርዎ በፊት ያላከሟቸውን ይቁጠሩ። የእከክ ተውሳክ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ማከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ሲሆን፣ ከዚህ ቀደም ይዞት የዳነው ግን እንደገና ሲጋባበት ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምረዋል። ስለዚህ «እኔን ምንም አላሳከከኝም» ብሎ ወደ እርስዎ ያልመጣው ወታደር፣ እርስዎ ያዳኑትን ጓደኛውን መልሶ ሊያስይዘው ይችላል።

እከክን ለመለየት በጣቶች መሐል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በወገብና በብልት ላይ ይመልከቱ፤ የአዋቂ ሰው ፊት ብዙውን ጊዜ ነጻ ነው። ተውሳኩ የቆፈረው ቀጭን መሥመር ካጠራጠረዎ በላዩ የእስክሪብቶ ቀለም ቀብተው በአልኮል ይጥረጉት፤ ቀለሙ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በዚያው የልብሱን ስፌት ገልብጠው ማየት አይርሱ፤ የልብስ ቅማል የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ቅማል ደግሞ ከማሳከክ አልፎ የሚያገረሽ ትኩሳትን ያስተላልፋል።

ሕክምናው በአንድ ቀን ለድንኳኑ ሁሉ፣ ላሳከከውም ላላሳከከውም ይሰጥ። 25 በመቶው ቤንዚል ቤንዞኤት ከአንገት እስከ ውስጥ እግር፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር፣ ለ3 ተከታታይ ሌሊት ይቀባል፤ 5 በመቶ ፔርሜትሪን የተባለ ቅባት ካገኙ ግን ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል፣ ከሳምንት በኋላም ይደገማል። ሌሊት ለጥበቃ ተነሥቶ እጁን የታጠበ ወታደር እጁን መልሶ መቀባት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው ይህች ትንሽ ነገር ናት። ልብሱና አንሶላው በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ የማይታጠበው ብርድ ልብስ በፕላስቲክ ታስሮ ቢያንስ 3 ቀን ይቆይ፤ ተውሳኩ ከሰው ገላ ተለይቶ ከዚያ በላይ እምብዛም አይቆይምና። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቀጥል ስለሚችል፣ አዲስ ቦይ ሳያዩ ደጋግመው አይቀቡ፤ መድኃኒቱ ራሱ ቆዳን ያቃጥላል።

መግል የያዘውን ቁስል ግን በተናጠል ማከም ይገባል። ከቁስሉ በኋላ ፊቱ ያበጠና ሽንቱ የሥጋ እጣቢ የመሰለ ወታደር ኩላሊቱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይላኩት።

በአራተኛውና በአምስተኛው የእግር ጣት መሐል ነጥቶ የሚላጠው ፈንገስ ነው፤ ክሎትሪማዞል የተባለው የፈንገስ ቅባትና ደረቅ ካልሲ ይበቃዋል። ዙሪያው ቀልቶ መሐሉ የሚጠራው ጭርትም እንዲሁ ፈንገስ ሲሆን፣ እንደ ቤታሜታዞን ያለ የስቴሮይድ ቅባት ከተቀባ ማሳከኩ ለጊዜው ይታገሥና መልኩ ጠፍቶ ይስፋፋል፤ እንደ እኔ ከሆነ ይህ ቅባት ከመስክ ቦርሳዎ ቢወጣ ይሻላል። የነጣ ወይም የቀላ ቦታ ሲያዩ ደግሞ ወታደሩን ዓይኑን አስጨፍነው በጥጥ ጫፍ ይንኩት፤ ካልተሰማው የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላልና ቅባት ሳይሞክሩ ይላኩት፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።

በጥያቄዎ ያልጠቀሱት አንድ ሰው አለ፦ እርስዎ። እነዚያን ሁሉ እጆች ሲመረምሩና ከእነርሱ ጋር ሲያድሩ ከርመው ወደ አዳማ መጥተዋልና የጣቶችዎን መሐል ይመልከቱ፤ ካለብዎት የቤተሰብዎ አባላት በሙሉ ከእርስዎ ጋር በአንድ ሌሊት ይቀቡ፤ በቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ለእርሷ የሚመረጠው ፔርሜትሪን ነው።